በላቲን የተዘመረ ሮክ፦ የ«ማስ ኢን ኤፍ ማይነር» አልበምና የአድማጮቹ ፍርድ

ሪፕራይዝ የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ በ1968 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ማስ ኢን ኤፍ ማይነር» የተሰኘ ሸክላ ለገበያ አቀረበ። ሽፋኑ ላይ የሰፈረው ስም ኤሌክትሪክ ፕሩንስ የተባለው የሎስ አንጀለስ ሮክ ባንድ ነው። ሸክላው የያዘው ግን ከዳር እስከ ዳር የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ጸሎት ሲሆን፣ ኪርየ ኤሌይሶን፣ ግሎሪያ፣ ክሬዶ፣ ሳንክቱስ፣ ቤነዲክቱስና አኙስ ዴይ በሚሉ ስድስት ክፍሎች ተከፍሎ 26 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ጸሎቱ ወደ እንግሊዝኛ አልተመለሰም፤ የመጀመሪያው ክፍል በግሪክኛ፣ የቀሩት በላቲን ይዘመራሉ። ከሥር የሚሰማው ደግሞ ዲስቶርሽን (ድምፅን ሆን ብሎ ማሻከር) የበዛበት ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከባድ ቤዝና ድራም፣ እንዲሁም የገመድና የነፋስ መሣሪያዎች ቅንብር ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲነሳ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ምእመናን ተቆጥተው እንደሆነ ነው። አልበሙ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ስለ እርሱ የተነገረውንና የተጻፈውን ለተከታተለ ሰው ግን ክርክሩ በዋናነት ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል። አድማጮችን የከፋፈላቸው ሸክላው በማን ስም እንደወጣና እነርሱ ራሳቸው በየት በኩል እንደደረሱበት ነው፤ የተቀደሰ ጸሎት ከጊታር ጋር መዋሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከዚህ አንጻር ይመረምረዋል።

ባንዱ በአድማጭ ዘንድ የታወቀው «አይ ሃድ ቱ ማች ቱ ድሪም (ላስት ናይት)» በተባለው ዘፈኑ ነበር። ይህ ዘፈን በ1967 መጀመሪያ በቢልቦርድ የነጠላ ዘፈኖች ሠንጠረዥ ላይ 11ኛ ደረጃ ደርሶ፣ ጊታሩ ገና ሲጀምር በሚያሰማው የተገላቢጦሽ ጩኸት የሳይኬደሊክ ሮክ (ቅዠትና ሕልም መሰል ድምፆችን የሚወድ የሮክ ዓይነት) አንዱ መለያ ሆኖ ቀርቷል። ዘፈኑን የደረሱት ግን የባንዱ አባላት ሳይሆኑ አኔት ታከርና ናንሲ ማንትዝ የተባሉ ሁለት ሴቶች ናቸው። ባንዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሌሎች የደረሱለትን እየተቀበለ የሚጫወት፣ በራሱ ድርሰት ብዙ ቦታ ያላገኘ ቡድን ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት የወጡት ሁለት አልበሞቹም ይህንኑ ውጥረት ያሳያሉ፤ በተለይ ሁለተኛው አባላቱ የራሳቸውን ድርሰት በብዛት ያስገቡበት ቢሆንም በአልበሞች ሠንጠረዥ ከ172ኛ ደረጃ አላለፈም፤ የመጀመሪያው ግን 113ኛ ደርሶ ነበር።

የባንዱ ፕሮዲዩሰር ዴቭ ሃሲንገር ከዚያ በፊት በሆሊውድ የአርሲኤ ስቱዲዮ የሮሊንግ ስቶንስን ሥራዎች የቀረጸ፣ በሙያው የተከበረ የድምፅ መሐንዲስ ነበር። የባንዱ ስም መብት በእርሱ እጅ እንደነበረ አንባቢው ልብ ይበል፤ በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ ያለዚህ አንድ እውነታ አይገባም። ሃሲንገር ለሦስተኛው አልበም የጠራው ዴቪድ አክስልሮድን ነው። አክስልሮድ በካፒቶል ኩባንያ ፕሮዲዩሰር ሆኖ የሉ ሮልስንና የካነንቦል አደርሊን ሥራዎች ያዘጋጀ፣ ጃዝና የኦርኬስትራ ቅንብር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። የቅዳሴውን ዜማ ሁሉ የደረሰውና ያቀናበረው እርሱ ብቻ ነው፤ የባንዱ አባላት ዜማውን ያገኙት በኖታ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነው።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ አባላት ከወረቀት ኖታ እያነበቡ የመጫወት ልምድ አልነበራቸውም፤ በልምምድ ክፍል ውስጥ እየደጋገሙ፣ እየተሳሳቱና እያስተካከሉ ሙዚቃ ይሠሩ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። የስቱዲዮ ሰዓት በገንዘብ የሚቆጠር በመሆኑ ሥራው በእነርሱ ፍጥነት እንዲሄድ አልተጠበቀም። አምስቱም አባላት የሚሰሙት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች፣ ማለትም በኪርየ፣ በግሎሪያና በክሬዶ ብቻ ነው። በቀሩት ክፍሎች ድምፃዊው ጄምስ ሎው፣ የቤዝ ተጫዋቹ ማርክ ቱሊንና የድራም ተጫዋቹ ሲቀጥሉ፣ ሌላው ቦታ በስቱዲዮ ሙዚቀኞችና ከቫንኩቨር በመጣው ኮሌክተርስ በተባለ የካናዳ ባንድ ተሞላ። ኮሌክተርስ ኋላ ስሙን ለውጦ ቺሊዋክ በሚል የታወቀው ባንድ ነው። በሽፋኑ ላይ የቆመው ስም ግን አልተለወጠም።

ሙዚቃው ምን እንደሚመስል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የአድማጩ ፍርድ መሠረት የለሽ ይመስላልና። የሎው ድምፅ በራሱ ላይ ተደራርቦ የተቀረጸ ስለሆነ ከአንድ ዘፋኝ ይልቅ በአንድ ዜማ አብረው የሚያዜሙ መነኮሳትን ያስታውሳል። ዜማው በዝግታ ይሄዳል፤ ከፍና ዝቅ ማለቱም ልከኛ ነው። ከሥሩ ያሉት ቤዝና ድራም በዚያ ዘመን ከነበረው የሮክ ቀረጻ ይልቅ ከአሥር ዓመት በኋላ ለመጣው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሚቀርቡ፣ ወፍራምና ጥርት ያሉ ናቸው። ጊታሩ በሁለቱ መካከል እንደ ልቡ ይዋኛል፤ ለረጅም ጊዜ ይጮኻል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይነሳል። በእኔ ጆሮ የአልበሙ ብርታትም ድክመትም እዚሁ ነው። ኪርየው ሦስቱን ነገሮች አዋሕዶ በሦስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል፤ በረጃጅሞቹ ክፍሎች ግን ዜማው ቆሞ ጊታሩ ብቻ ሲመላለስ፣ አቀናባሪው የጻፈው አልቆ ተጫዋቾቹ ሰዓት እየሞሉ ያሉ ይመስላል።

እንግዲህ የመጀመሪያዎቹን አድማጮች እናስብ። ባንዱን በ«አይ ሃድ ቱ ማች ቱ ድሪም» የወደደ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሸክላውን ገዝቶ ቤቱ ሲገባ የሚያገኘው በማይሰማው ቋንቋ የሚዘመር፣ መዝሙረኛው ማን እንደሆነ እንኳ የማይለይበት ዝግተኛ ሙዚቃ ነው። አብሮ የሚዘምረው አዝማች የለም፤ ሬዲዮ ላይ የሰማው ዘፈን የለም። የአልበሙ ደረጃ 135ኛ ላይ ቆመ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ቁጥር የውድቀት ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል፤ ነገር ግን አባላቱ የራሳቸውን ነፍስ አፍስሰውበታል ከሚባለው ሁለተኛው አልበም በ37 ደረጃ የተሻለ መሆኑን የሚጠቅስ ጥቂት ነው። በላቲን የተዘመረ ቅዳሴ በእንግሊዝኛ ከተዘፈነ የሮክ አልበም የበለጠ ገዢ አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ «አድማጩ ናቀው» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። ትክክሉ የቀድሞው አድማጭ ባንዱን በውስጡ ፈልጎ አጣው፣ አዲስ የመጣው አድማጭ ደግሞ ባንዱን የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም የሚለው ነው።

ከሁሉ የከፋ ቅር የተሰኙት አድማጮች ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ። በሳንታ ሞኒካ ሲቪክ አዳራሽ ቅዳሴውን ከኦርኬስትራና ከመዘምራን ጋር በመድረክ ለማቅረብ ያደረጉት ሙከራ አባላቱ ኋላ ላይ እንደተናገሩት ጥፋት ሆነ፤ የድምፅ ማጉያዎች ተበላሹ፣ ኖታው ተዘባረቀ፣ በመጨረሻም የተጻፈውን ትተው እንደመጣላቸው ተጫወቱ። በታኅሣሥ 1967 በስዊድን ስቶክሆልም የተቀረጸው የመድረክ ዝግጅታቸው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሲታተም የሰማ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ እዚያ ያለው ኃይለኛ፣ ተጋጭቶ የሚተራመስ፣ የራሱን ዘፈን የሚያውቅ የጊታር ባንድ ነው። ያው ባንድ በዚያው ወቅት በስቱዲዮ ውስጥ የሌላ ሰው ኖታ ተሸካሚ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው ስብስብ በ1968 ሲበተን ሃሲንገር ስሙን ይዞ ቀጠለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በዚያው ስም ኮል ኒድሬ ከተባለው የአይሁድ ጸሎት የተነሳ ሌላ የአክስልሮድ ሥራ፣ «ሪሊስ ኦፍ አን ኦዝ»፣ ታተመ፤ በዚህኛው ላይ የሚሰሙት እንደ ቤዝ ተጫዋቿ ካሮል ኬይና እንደ ድራም ተጫዋቹ ኧርል ፓልመር ያሉ የሆሊውድ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ሲሆኑ ከቀድሞዎቹ አባላት አንድም የለበትም። ሎውም ከመድረክ ወጥቶ ወደ ድምፅ ምሕንድስናና ወደ ፕሮዲዩሰርነት አዘነበለ።

ተመሳሳይ ጉዳይ በእንግሊዝም ተከስቷል። ስፑኪ ቱዝ የተባለው ባንድ ከፈረንሳዊው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ደራሲ ፒየር ኦንሪ ጋር በ1969 «ሴሬመኒ» የተሰኘ የቅዳሴ አልበም አወጣ። የባንዱ መሪ ጌሪ ራይት ከዚያ በኋላ ሲያማርር የኖረው ሥራው የኦንሪ ሆኖ ሳለ በእነርሱ ስም መውጣቱን ነው። ራይት ብዙም ሳይቆይ ከባንዱ ወጣ። በሁለት አገር፣ በሁለት ዓመት ልዩነት፣ ሙዚቀኞቹ ያነሱት ቅሬታ አንድ ነው፤ ከሁለቱም ወገን «ጸሎት ደፈርን» ብሎ የተጸጸተ አልሰማሁም።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ወገን ማወቅ የሚገባው ዋናው ነገር ዘመኑ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በታኅሣሥ 1963 ያወጣው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ ሕዝቡ በሚናገርበት ቋንቋ መቀደስን ፈቀደ፤ በአሜሪካ ከ1964 ማብቂያ ጀምሮ እንግሊዝኛ ወደ ቅዳሴው ገባ። በብዙ ደብሮች አኩስቲክ ጊታር በመሠዊያው አጠገብ መሰማት የጀመረው በእነዚሁ ዓመታት ነው። አርጀንቲናዊው አሪኤል ራሚሬዝ «ሚሳ ክሪዮላ»ን በስፓኒሽና በአገሩ ባሕላዊ ምቶች የሠራው በ1964 ነበር፤ ከዚያም ቀደም ብሎ በ1958 በኮንጎ የተዘመረው «ሚሳ ሉባ» ላቲኑን ከአፍሪካ ዜማ ጋር አዋሕዶ በዓለም ተሰምቷል። የሎስ አንጀለሱ ሸክላ ሲወጣ ስለዚህ ቅዳሴ ከአዲስ ሙዚቃ ጋር መገናኘቱ ብቻውን የሚያስደነግጥ አልነበረም። የሚገርመው ተቃራኒው ነው፤ ካህናቱ ላቲንን ወደ ጎን በሚያደርጉበት ሰዓት ላቲኑን ያነሳው የሮክ ኩባንያ ሆነ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያንን ጸሎት በቃሉ ያጠና ወጣት ካቶሊክ በእሑድ ቅዳሴ ያጣውን ቃል በጊታር ታጅቦ ሲሰማ ያለው ስሜት፣ ምንም ትዝታ ከሌለው ወጣት ስሜት ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። ለአንዱ ትዝታ ነው፤ ለሌላው ምሥጢራዊ የሚመስል ድምፅ ብቻ። በዚያ ዘመን የሮክ አድማጭ የሕንድ ማንትራና የቲቤት ጸሎት ሳይገባው ለድባቡ ሲል ይሰማ ነበርና፣ የገዛ አያቶቹን ቅዳሴም በዚያው መንገድ እንደ ሩቅ አገር ነገር ሰማው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጆሮ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በሰሙነ ሕማማት «ኪርያላይሶን» እያለ የሰገደ ኢትዮጵያዊ ኦርቶዶክሳዊ ይህን ሸክላ ቢሰማ የመጀመሪያው ክፍል ሩቅ አይሆንበትም፤ ቃሉ ጉልበቱ ላይ ሳይቀር የሚታወቅ ነው። ያ ቃል ከዲስቶርሽን ጋር ሲመጣ ገላው ለስግደት ይዘጋጃል፣ ከበሮው ግን ወደ ሌላ ይጠራዋል። ኦርጋን ከመዝሙር ጋር ይዋል አይዋል በሚለው ክርክር ውስጥ ላደገ ሰው ደግሞ ጉዳዩ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ማን ነው የሚያዜመው፣ በምን ሐሳብ፣ ለማን የሚሉት ጥያቄዎች አብረው ይነሳሉ። ሎውና ጓደኞቹ ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ አልነበራቸውም፤ ማንም አልጠየቃቸውምና።

የአልበሙን ዕጣ የለወጠው ሲኒማ ነው። በሐምሌ 1969 ለእይታ የበቃው «ኢዚ ራይደር» የተባለው ፊልም ኪርየውን ተጠቀመበት። ሁለቱ ሞተረኞች ጓደኛቸው ከተገደለ በኋላ ኒው ኦርሊንስ ይደርሳሉ፤ ሙዚቃው የሚሰማው ጥሩ ምግብ ቤት ተቀምጠው ሲበሉና ወደ ሴተኛ አዳሪዎች ቤት ሲያመሩ ነው። በምስሉ ላይ ሐዘን፣ ጥጋብና ዝሙት አንድ ላይ ሳሉ ከላይ «አቤቱ ማረን» ይላል። ከዚያ የመቃብር ሥፍራው ትዕይንት ይከተላል፤ በዚያም የክርስቲያን ጸሎት ከአደንዛዥ ዕፁ ቅዠት ጋር ተደባልቆ ይሰማል። ፊልሙ ሙዚቃውን ያገኘው በትክክለኛው ቦታ ነው እላለሁ። ሸክላው ላይ ብቻውን ሲሰማ «ጸሎቱን ከሮክ ጋር ለምን ያገናኙታል?» የሚያሰኘው ነገር፣ እዚህ ምሕረት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በዓይን ስለሚታዩ መልስ ያገኛል። የማጀቢያ ሙዚቃው ሸክላ በሰፊው ስለተሸጠ፣ ባንዱን የማያውቅ፣ ሙሉ አልበሙን ፈጽሞ ያልሰማ ብዙ ሕዝብ ይህችን አንዲት ክፍል ለዘላለም ያዛት። እነዚህ አድማጮች «ባንዱ የት ሄደ?» ብለው አልጠየቁም። የባንዱን ስም የሚያነቡት ካነበቡም በትንሽ ፊደል ነበር።

በ1972 የወጣው «ነጌትስ» የተሰኘ ስብስብ የዚያን ዘመን የጋራዥ ባንዶችን (በየቤቱ ጋራዥ እየተለማመዱ ጥሬ ሮክ የሚጫወቱ የወጣት ቡድኖችን) ከመረሳት ሲያድን በመጀመሪያ ያስቀመጠው የኤሌክትሪክ ፕሩንስን «አይ ሃድ ቱ ማች ቱ ድሪም» ነው። ስብስቡ ለባንዱ ክብሩን መለሰለት፤ ለቅዳሴው ግን ችግር አመጣበት። ከዚያ ወዲህ የተነሳው አሮጌ ሸክላ ሰብሳቢ ባንዱን የሚያደንቀው በጥሬ ጉልበቱ ስለሆነ፣ ሦስተኛውን አልበም ሲያገኝ የሚሰማው እንደ ክህደት ነው። ከሃያሲያን የሚበዙት ሥራውን እንደ አንድ የዘመኑ እንግዳ ነገር፣ ፈገግ የሚያሰኝ ከንቱ ምኞት አድርገው አልፈውታል። ፈገግታውን እረዳለሁ፤ በሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ ያሉት ረጃጅም የጊታር ክፍሎች ለእርሱ ሰበብ ይሰጣሉ። ፍርዱ ግን የተሰጠው ለሌላ ሰው ሥራ ነው። አድማጩ የጋራዥ ባንድ መዘኛ ይዞ መጥቶ የአቀናባሪ ሥራ መዘነ።

መዘኛውን የለወጡት በ1990ዎቹ የሂፕ ሆፕ ፕሮዲዩሰሮች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሸክላ የሚያገላብጡት የሚቆርጡት የድራም ምትና የቤዝ መስመር ፍለጋ ስለነበር ከፊት ለፊቱ ስም ይልቅ ከጀርባ በትንሹ የተጻፈውን የአቀናባሪ ስም ያነባሉ። ዲጄ ሻዶው በ1996ቱ አልበሙ፣ ዶክተር ድሬ ደግሞ በ1999 የአክስልሮድ እጅ ያለባቸውን ሥራዎች ሳምፕል አደረጉ (ቆርጠው በራሳቸው ዘፈን ውስጥ አስገቡ)፤ ስሙም ከአዲስ ትውልድ ጋር ተዋወቀ። በአክስልሮድ በኩል ወደ «ማስ ኢን ኤፍ ማይነር» የደረሰ አድማጭ የሚሰማው ሌላ ሸክላ ነው። ለእርሱ ይህ የካፒቶሉ ሰው በዚያው በ1968 በራሱ ስም ወዳወጣው «ሶንግ ኦፍ ኢኖሰንስ» የሚያደርስ የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ዝግታው ጥበብ ነው፣ የድራሙ ጥራት ሀብት ነው፣ የገመድ መሣሪያዎቹ ከቤዝ ጋር መጋጨታቸውም የታሰበበት ነው። ባንዱ መጫወት መቻል አለመቻሉ ለዚህ አድማጭ የታሪክ ዝርዝር ብቻ ነው። ሃይማኖታዊውን ይዘትም አክስልሮድ ያለማቋረጥ ሲመላለስበት የኖረው የክብደትና የፍርሃት ስሜት አካል አድርጎ ይቀበለዋል።

ይህን የስም ጉዳይ ከማንኛውም ነገር አጉልቶ የሚያሳየው በ2001 የሆነው ነው። አክስልሮድ በ1968 ለኤሌክትሪክ ፕሩንስ ሌላ ተከታይ አልበም አስቦ ነፍሱን ለዲያብሎስ የሸጠውን የፋውስትን ታሪክ መነሻ በማድረግ የምት ክፍሎቹን (ድራም፣ ቤዝና የመሳሰሉትን) አስቀርጾ ነበር፤ ሥራው ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ሞ ዋክስ የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ እነዚያን አሮጌ ቅጂዎች አስወጥቶ አክስልሮድ አዲስ ቅንብር ከጨመረባቸው በኋላ «ዴቪድ አክስልሮድ» በሚል ስም ለሕዝብ አቀረባቸው። ከሦስት ዓመት በኋላም ደራሲው በለንደን ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ሥራዎቹን ከኦርኬስትራ ጋር መራ። የምት ክፍሎቹ በዚያው ዘመን፣ ለዚያው የባንድ ስም ታስበው የተቀረጹ ነበሩ። በ2001 ሸክላውን የገዛው አድማጭ ግን ዘፋኙ የት እንደገባ ወይም ጊታሩን የትኛው አባል እንደመታው አልጠየቀም፤ ሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም ነበርና።